ክርክር፦ የምንወደው የቤተሰብ ልብ ወለድ በቴሌቪዥን ሲመጣ ለምን ያስከፋናል?

አወያይ፦
ፍቅር እስከ መቃብር ወደ ቴሌቪዥን መጣ ከተባለ ጀምሮ እዚህ መካከላችን ሰላም የለም። ግማሹ «እኔ በልቤ የሣልኳት ሰብለ ወንጌል ይህች አይደለችም» ይላል፤ ግማሹ «እንኳን ተሠራ» ይላል። በተዋናይ መልክ መጨቃጨቁ የትም ስላላደረሰን ዛሬ ጥያቄውን ሰፋ ላድርገው። የአንድን ቤተሰብ ታሪክ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የሚተርክ ልብ ወለድ ለቴሌቪዥን ሲሠራ፣ ሠሪዎቹ የመጽሐፉን ቅደም ተከተልና ክንውን መቀየር ይችላሉ ወይ? ከቻሉስ እስከ የት? ብዙዎቻችን መጽሐፉንም ድራማውንም የምናውቃቸውን ፓቺንኮንና ሩትስን ምሳሌ እናድርግ፤ ከዚያ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)፦
እኔ ልጀምር። ቅደም ተከተሉን መንካት የለባቸውም ባይ ነኝ።

ፓቺንኮን ያነበብኩት በክረምት ዕረፍት ነው። ሚን ጂን ሊ ጽፋው እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ከ1910 እስከ 1989 የሚዘልቅ የአንድ ኮሪያዊ ቤተሰብ ታሪክ ነው። መጽሐፉ የሚነሣው ከዋናዋ ባለታሪክ ከሱንጃ አይደለም፤ ከአባቷ ከሁኒ ነው። ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ እግሩ ተጣሞ የተወለደ የዓሣ አስጋሪ ልጅ። «ማን ልጁን ይሰጠዋል» ሲባል ችግር የጠናበት ሌላ ቤተሰብ ልጁን ይድርለታል። ከዚያ ልጆች እየተወለዱ ይሞቱባቸዋል። ሱንጃ የምትመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ አባቷ ሲሳሳላት አንባቢው ያ ስስት ከየት እንደመጣ ያውቃል። በኋላም ኦሳካ ውስጥ ኪምቺ በጋሪ እየገፋች፣ እየጮኸች ስትሸጥ፣ ያ አንካሳ አባት በእሷ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ይታየናል።

ድራማውስ? እ.ኤ.አ. በ2022 አፕል ቲቪ ያቀረበው ሥራ ገና በመጀመሪያው ክፍል፣ እናትየዋ ልጅ ይቆይልኝ ብላ ጠንቋይ ደጅ በሄደችበት፣ ብድግ ብሎ የሱንጃን የልጅ ልጅ ሰለሞንን በ1989 ኒውዮርክ ላይ በሙሉ ልብስ ያሳየናል። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ደግሞ ወደ ኋላ። ሱንጃ ባሕር ተሻግራ ትተርፍ ይሆን ብለን ልባችን መሰቀል ሲገባው አርጅታ፣ የልጅ ልጅ አቅፋ አይተናታል። ቤተሰብ እኮ ቅደም ተከተል ነው፤ አባት ከልጅ ይቀድማል። የአባትየው ዕዳ ልጁ ላይ ሲወድቅ እንዲሰማን መጀመሪያ ከአባትየው ጋር መኖር አለብን።

የድራማ ጸሐፊዋ (አዲስ አበባ)፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው፤ ግን እርስዎ ያሉት የመጽሐፍ ቅደም ተከተል ነው እንጂ የቤተሰብ አይደለም። እስቲ አያትዎን ያስታውሱ። መጀመሪያ ያወቋቸው ሽበታቸውን፣ ምርኩዛቸውን፣ ቡና ሲጠጡ የሚያጉረመርሙትን ነው። ወጣትነታቸውን የጠየቁት በኋላ ነው፤ ያውም ከጠየቁ። እኛ ሁላችንም ቤተሰባችንን የምናውቀው ከኋላ ወደ ፊት ነው። የድራማው ዋና ጸሐፊ ሱ ሂዩ ራሷ በአሜሪካ የምትኖር የኮሪያ ልጅ ናት፤ ከሰለሞን በኩል መግባቷ አይገርመኝም።

ደግሞ ያ መቀላቀል ያስገኘውን አንድ ትዕይንት ልጥቀስ። ሱንጃ ስትዳር እናቷ ነጭ ሩዝ ታበስልላታለች። በጃፓን አገዛዝ ዘመን ያ ሩዝ ለድሃ ኮሪያዊ የሚደፈር አልነበረም፤ እናትየዋ ለምና ነው ያገኘችው። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ አለ። በድራማው ግን አሮጊቷ ሱንጃ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይታ፣ ቶኪዮ ውስጥ አንዲት ኮሪያዊት አሮጊት ቤት ተጋብዛ፣ ሩዙን ገና ስትቀምስ የአገሯ ሩዝ መሆኑን ታውቃለች። እንባዋ ይመጣል። ሰለሞን አጠገቧ ተቀምጦ በላ፤ እሱ ልዩነቱን አያውቅም። ያ ማዕድ መጽሐፉ ውስጥ የለም። እኔ ግን ከመጽሐፉ የበለጠ መጽሐፉን የሆነው እሱ ነው እላለሁ።

የታሪክ ተማሪ (ጎንደር)፦
በዚህ ላይ የካንቶውን ክፍል ልጨምር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሰባተኛ ክፍል ሙሉ በሙሉ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1923 በጃፓን ካንቶ አካባቢ ስለደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ይህ ታሪክ የለም። ሠሪዎቹ ሱንጃን ያስረገዛትን ባለ ሀብት ሃንሱን ወጣት አድርገው ዮኮሃማ አስቀመጡት፤ ከተማው ሲፈርስ፣ ሲቃጠል፣ ከዚያም «ኮሪያውያን ጉድጓድ ውኃ መረዙ» የሚል ወሬ ተነዝቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲታረዱ በእሱ ዓይን አየን። እኔ ታሪክ እያጠናሁ ስለዚያ ጭፍጨፋ የሰማሁት በዚያ ድራማ ነው። እሱን ካየሁ በኋላ ሃንሱ ለምን ርኅራኄ እንደሌለው ገባኝ፤ ይቅር ባልለውም ገባኝ። ይህን መጨመር መብት ብቻ አይመስለኝም፤ ለሙታኑ የሚገባ ነው።

መምህሩ፦
የሩዙን ነገር እቀበላለሁ፤ ልክ ነሽ ልጄ። የካንቶውንም አንተ ካልከው በላይ አከብረዋለሁ። መጨመር አንድ ነገር ነው። መለወጥስ?

ኢሳክን ውሰዱ። የሱንጃ ባል፣ ሳንባው የታመመ፣ ሌላ ሰው ያስረገዛትን ልጅ አግብቶ ስሟን ያዳነ የወንጌል አገልጋይ። መጽሐፉ ውስጥ የታሰረው እንዴት ነው? በጃፓን መቅደስ ፊት ስገዱ ተብለው በግድ በሚወሰዱበት ጊዜ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች አንዱ ድምፁን ሳያሰማ «አባታችን ሆይ» እያለ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ሲጠየቅ አልዋሸም። በዚያ ምክንያት ዋናው ፓስተርም ኢሳክም አብረው ታሰሩ። ኢሳክ ቤቱ የተመለሰው ሊሞት ነው። የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ! በፋሺስት ዘመን ቄሶቻችን በምን በምን ሰበብ እንደተያዙ ከሽማግሌ የሰማ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ።

ድራማው ይህን አውጥቶ ጣለው። ኢሳክን ከሠራተኞች ጋር በምስጢር የሚሰበሰብ፣ ፖለቲካ የገባ ሰው አድርጎ በዚያ ምክንያት አሳሰረው። ለምን? ጸሎት ለዛሬ ተመልካች አይገባውም ተብሎ ነው? አንድ ሰው ለእምነቱ ብቻ መታሰሩ ጀግና አያደርገውም? ያስቆጣኝ ይህ ነው። ሰዓቱ አልበቃ ብሏቸው ቢቆርጡት ዝም እል ነበር። እነሱ ግን አልቆረጡም፤ ሰውየውን በሌላ ሰው ተኩት።

ከዱባይ፦
እኔ ድራማውን ብቻ ነው ያየሁት። ኢሳክን ወደድኩት። አሁን መምህር የጻፉትን ሳነብ የተሰረቅሁ መሰለኝ። መጽሐፉን ላፈላልግ ነው።

የድራማ ጸሐፊዋ፦
በኢሳክ ጉዳይ አልከራከርም። እኔም ብጽፈው አልነካውም ነበር። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ውስጡ ስላለሁ። መለወጥ ሁልጊዜ ከንቀት አይመጣም። ከዓመታት በፊት የአንድ ባላባት ቤተሰብ ታሪክ በተከታታይ ድራማ እንድጽፍ ተሰጠኝ። የአባትየው ሞት አሥራ ሁለት ገጽ ነበር፤ መርዶው፣ ሙሾው፣ ፈረሱ ባዶ ኮርቻውን ተጭኖ ሲዞር፣ ወንድማማቾቹ በተዝካሩ ቀን ስለ ርስት ሲጣሉ። ከሁለት ወር በላይ ደክሜበታለሁ። አሠሪው ተደውሎ ተነገረው፤ ፈረስ መከራየት አይቻልም፣ የለቅሶ ድንኳን ሰው አይሞላም፣ ቀረጻው በሁለት ቀን ማለቅ አለበት። በመጨረሻ አንድ አሽከር በር ከፍቶ ገባና «ጌታዬ፣ አባትዎ ዐረፉ» አለ። አለቀ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ።

ታሪካዊ ድራማ ከሌላው ለምን እንደሚለይ እዩ። የዛሬ ዘመን ታሪክ ከሆነ ካሜራህን ይዘህ መንገድ ትወጣለህ። የድሮ ከሆነ ግን የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለበት ሰማይ አይሆንህም፤ ቆርቆሮ አይሆንህም፤ የፋብሪካ ነጠላ አይሆንህም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ወደ ቤት ውስጥ ይገባል። ጦርነቱ ወሬ ይሆናል፣ እርሻው ወሬ ይሆናል፣ ጉዞው ወሬ ይሆናል። ተመልካች «ወሬ በዛበት» ሲል እውነቱን ነው፤ የተሰረዘውን ግን አያየውም።

እትዬ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። ጸሐፊዋ፣ ባዶው ኮርቻ ለምን እንደቆረጠሽ ይገባኛል፤ የአባቴን ፈረስ አስታወስሽኝ።

እኔ የማውቀው ስለ ድምፅ ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን መጀመሪያ በዓይኔ አላነበብኩትም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ነው የሰማሁት። ሰዓቱ ሲደርስ ሰፈሩ ጭር ይላል። ሬዲዮ የሌለው ራዲዮ ያለው ቤት ይገባል። አንድ ሰው ነው የሚያነበው፤ ግን ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው፤ ጉዱ ካሣ ሲናገር ደግሞ ጉዱ ካሣ ነው። እዚህ አሜሪካ ስመጣም ካሴቱን ይዤ መጥቻለሁ፤ ልጆቼ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ እከፍተው ነበር። እና መምህር፣ ቅር እንዳይልዎት፤ ያም ቢሆን የወጋየሁ ነበር። የትኛውን ቃል ማንሣት፣ የት ዝም ማለት እንዳለበት የወሰነው እሱ ነው። እኛ ግን አልተከፋንም፤ ምክንያቱም ቋንቋውን አልነካውም። የጎጃሙን አነጋገር፣ የደብተራውን ቅኔ፣ የባላገሩን ምርቃት እንዳለ ሰጠን።

በታሪካዊ ድራማዎቻችን የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ገበሬውም፣ ባላባቱም፣ ባሪያውም፣ ቄሱም የዛሬን የአዲስ አበባ አማርኛ ሲናገሩ ልቤ ይቆማል። «አንቱ» እና «አንተ» እንኳ ይምታታባቸዋል። ልጅ ለአባቱ፣ ምስለኔ ለጌታው፣ ሚስት ለባሏ በምን ቃል እንደምትናገር ሐዲስ ዓለማየሁ ቁልጭ አድርገው ጽፈውታል፤ ደረጃው ሁሉ ያለው እዚያ ቃል ውስጥ ነው። ፓቺንኮን ከትልቋ ልጄ ጋር አየሁት። ከታች የሚወጣው ትርጉም ጽሑፍ ኮሪያኛው በቢጫ፣ ጃፓንኛው በሰማያዊ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ቀለም ሲቀላቀል ልጄ ዞር ብላ «እማዬ፣ እኛ ቤት እኮ እንዲህ ነው የምናወራው» አለችኝ። እኔ ስለ ቅደም ተከተሉ አላሰብኩም። ስለ እሱ ነው ያሰብኩት።

የታሪክ ተማሪ፦
እትዬ ስለ ድምፅ ያነሡት ሌላ ምሳሌ አስታወሰኝ። የጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ የመቶ ዓመት ብቸኝነት። ደራሲው በሕይወት ሳለ ለፊልም አልሰጥም ብሎ የኖረ ሰው ነው፤ አንባቢው የገጸ ባሕርያቱን መልክ ከገዛ ዘመዶቹ እንዲወስድ ይፈልግ ነበር። ካረፈ በኋላ ልጆቹ ለኔትፍሊክስ ሲፈቅዱ በስፓኒሽ እንዲሠራ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ እንዲቀረጽ ተደረገ። በሁለት ሰዓት ፊልም ሳይሆን በ16 ክፍል፤ የመጀመሪያዎቹ ስምንቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ወጡ። የተራኪውን ድምፅም አልጣሉትም፤ ከሥዕሉ በላይ እየተናገረ ይሄዳል።

ወደ ሩትስ ስመለስ ግን ከመምህር ጎን እቆማለሁ። ከአፍሪካ ተይዞ በባርነት ስለተወሰደ ሰውና ስለ ትውልዱ የሚተርከው የአሌክስ ሄሌይ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1976 ወጥቶ በጥር 1977 በስምንት ተከታታይ ምሽት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታየ። መጽሐፉ ኩንታ ኪንቴ ሳይያዝ በፊት ጋምቢያ ውስጥ ጁፉሬ መንደር ከሠላሳ በላይ ምዕራፍ ያኖረናል፤ ፍየል ሲጠብቅ፣ ቁርዓን ሲማር፣ ሲገረዝ። ድራማው በመጀመሪያው ምሽት ያስይዘዋል። የአፍሪካው ክፍል የተቀረጸውም ጆርጂያ ውስጥ ነው። ይባስ ብሎ፣ በመጽሐፉ የባሪያ መርከቡን የምናውቀው ከታች በሰንሰለት ከታሰረው ከኩንታ ዘንድ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ድራማው ኅሊናው የሚወቅሰው፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ነጭ ካፒቴን ፈጥሮ ሰፊ ጊዜ ሰጠው። ነጭ ተመልካች የሚጠጋው ሰው እንዲኖረው ተብሎ ነው። ከመርከቡ ሥር በበሽታና በግማት የሚያልቁት ሰዎች ደቂቃቸው ተቀንሶ ለካፒቴኑ ጸጸት ተሰጠ። የካንቶው ክፍል ለሞቱት ድምፅ ሲሰጥ ይሄኛው ወሰደባቸው።

የድራማ ጸሐፊዋ፦
ይህን ልዩነት ልክ አስቀመጥከው። ግን ፍትሐዊ እንሁን፤ ያንን ድራማ በዚያን ጊዜ እንዲታይ ያደረገውም ያ ለነጭ ተመልካች የተደረገ ማመቻመች ሳይሆን አይቀርም። የመጨረሻውን ምሽት ወደ መቶ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አይቶታል። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ከዚያ በኋላ ነው የአያቶቻቸውን ስም መፈለግ የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ሲሠራም ጁፉሬ ሰፋ፣ የኩንታ ወገኖች ማንዲንካዎቹም የራሳቸው ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ሆነው ታዩ። የመጀመሪያው ባይኖር ሁለተኛው አይኖርም ነበር።

መምህሩ፦
መቶ ሚሊዮን ሰው ያየው ነገር ከሆነማ ስሕተቱም መቶ ሚሊዮን ቦታ ነው የገባው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። ፍቅር እስከ መቃብርን በክፍል ውስጥ ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚሉኝ አንድ ነገር አለ፤ «መምህር፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል መቼ ነው የሚገናኙት?» ብዙ ገጽ ይጠብቃሉ። ሐዲስ መጀመሪያ የሚወስዱን ማንኩሳ ነው፤ ወደ በዛብህ ወላጆች፣ ወደ ቦጋለ መብራቱና ወደ ውድነሽ በጣሙ። የሁለቱን ጋብቻ፣ የልጁን ስለት ሳናውቅ በዛብህ ለምን ልቡ ለሁለት እንደተከፈለ አይገባንም። ስለቱ ነው አንቆ የያዘው። አንድ ሠሪ «ይህ ይረዝማል» ብሎ በዲማ ጊዮርጊስ ከጀመረ፣ አንድ ቆንጆ ደብተራ የአንዲት ቆንጆ ወይዘሮ አስተማሪ ሆኖ ሲገባ ብቻ ነው የምናየው። ያ የፍቅር ታሪክ ነው፤ መጽሐፉ ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ጉዱ ካሣስ? ረጅም ንግግሩን ምን ታደርጉታላችሁ? ስለ ድንጋይ ካብ የሚናገረውን፤ አንዱ ድንጋይ ሲነቀል ሌላው አብሮ እንደሚናድ፣ ሥርዓቱም እንደዚያ ተደጋግፎ እንደቆመ የሚናገረውን? በአንድ ደቂቃ ብትቆርጡት ዕብድ ይሆናል። ዕብድ ነው ብለው ስም ያወጡለት እኮ የሚያገኛቸው ሰዎች ናቸው፤ አንባቢው ከእነሱ እንዲለይ ነው ረጅሙ ንግግር የተጻፈው።

እትዬ፦
ወጋየሁ ያንን ሲያነብ አባቴ ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ዘንበል ይል ነበር። ባለ ርስት ነበር አባቴ። አንድም ቀን ሬዲዮውን ዝጉት አላለም።

የድራማ ጸሐፊዋ፦
መምህር፣ ማንኩሳን እኔም አልነካም፤ እምልልዎታለሁ። የጉዱ ካሣንም ንግግር ተዋናዩ ከቻለ ሰባት ደቂቃ እሰጠዋለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በቅንነት ነው የምጠይቅዎት። መጨረሻው ቀድሞ መታወቁ ታሪኩን ይገድለዋል ካሉ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙት መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ አልጻፉትም? ገና ሳንገልጠው መቃብር አለ። ሁለቱ ሲተያዩ፣ በመስኮት ሲነጋገሩ፣ እሷ በመነኩሴ ልብስ ተሸሽጋ ስትሄድ፣ ሁልጊዜ መቃብሩን እያሰብን ነው የምናነበው። ታዲያ አንድ ሠሪ ድራማውን ከመቃብሩ ቢጀምር ከመጽሐፉ ወጣ ይባላል?

መምህሩ፦
ይህን ትናንት ማታ አነበብኩት፤ ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዛሬ ጠዋት መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርጄ ሽፋኑን ደጋግሜ አየሁት።

እውነትሽን ነው፤ መቃብሩን ነግረውናል። መሞታቸውን ማወቅ ንባቡን አልገደለብኝም፤ እንዲያውም እያንዳንዱን ደስታቸውን በስጋት እንድይዘው አደረገኝ። ስለዚህ «መጨረሻው አይነገር» ያልኩትን እመልሳለሁ። ሱንጃን አሮጊት ሆና ማየቴም ምናልባት የዚህን ያህል አይከፋም።

ግን ርዕሱ በመቃብሩ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ አልነገረንም። መጀመሪያ ሳነበው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዛብህ እንደሚሞት ጠብቄያለሁ፤ ሰብለ ወንጌልም እንደምትከተለው ጠርጥሬያለሁ። ያ ዓለም ሁሉ ዕብድ ያለው ሰው፣ ጉዱ ካሣ፣ ሦስተኛ ሆኖ ከእነሱ ጋር እንደሚያርፍ ግን አላወቅሁም። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ከመቃብሩ ጀምሩ፤ እሺ። ሦስተኛውን ግን በመጀመሪያው ክፍል አታሳዩብኝ።